አክቲግራፍ ደብሊው-ጂቲ3ኤክስ-ቢቲ፦ የአገር ልጆችን እንቅስቃሴ በወገብ ቀበቶ መለካት ምን ያህል ያዋጣል?

የክብሪት ቀፎ ታክላለች፤ 4.6 በ3.3 በ1.5 ሳንቲ ሜትር። ክብደቷ 19 ግራም ነው። ስክሪን የላትም፣ አትጮህም፣ ስንት እርምጃ እንደተሄደ ለልጁ አትነግረውም። በላስቲክ ቀበቶ ቀኝ ዳሌ ላይ ትታሰርና ሳምንቱን ሙሉ ሰውነቱ በሦስት አቅጣጫ እንዴት እንደተነቃነቀ ስትመዘግብ ትሰነብታለች። አክቲግራፍ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ምርት የሆነችው ይህች አክሰለሮሜትር ሙሉ ስሟ ደብሊው-ጂቲ3ኤክስ-ቢቲ ነው። "የአገሩ ልጅ በቀን ስንት ደቂቃ ይንቀሳቀሳል?" ለሚለው ጥያቄ መልስ ሲፈለግ ተመራማሪዎች በብዛት የሚሠሩት በእሷና በታላላቆቿ ነው።

ፍርዱን አስቀድመን እንናገር። መሣሪያዋ ሥራዋን ታውቃለች። ውጤቱን የሚያበላሹት ቀበቶው፣ ሰዓቱና ተመራማሪው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ የሚወስናቸው ደንቦች ናቸው። 100 ያህል ማግኘት የሚችል ተቋም አገር አቀፍ ናሙና ላይ ይጠቀምባት። ለ20 ወይም ለ30 ብቻ በጀት ያለው ግን የአገር ቁጥር አወጣለሁ ብሎ አይነሳ፤ መጠይቁን ለመፈተሽ ያውላት።

ወረቀቱ እያለ መሣሪያ ለምን?

(ከዚህ በታች ያሉት የጥናት ዓመቶች በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) እስከ ዛሬ በዓለም ላይ ስለ ልጆች እንቅስቃሴ የሚነገረው ትልቁ ቁጥር የመጣው ከወረቀት ነው። በ2020 የታተመው የዓለም ጤና ድርጅት ትንተና ከ146 አገሮች 298 ጥናቶችን ሰብስቦ፣ 1.6 ሚሊዮን ተማሪዎችን ይዞ፣ ከ11 እስከ 17 ዓመት ካሉት ልጆች 81 በመቶው በቂ እንቅስቃሴ አያደርጉም አለ። ከዚህ ሁሉ ልጅ ማንም ቀበቶ አልታጠቀም። የተጠየቁት በአብዛኛው አንድ ጥያቄ ነው፦ ባለፉት 7 ቀናት ውስጥ፣ በድምሩ ቢያንስ 60 ደቂቃ ሰውነትህን ያንቀሳቀስክባቸው ቀናት ስንት ናቸው? መልሱ ከ0 እስከ 7 ነው።

ጥያቄው ርካሽ ነው፤ 60 ተማሪ ባለበት ክፍል በአንድ ክፍለ ጊዜ ይሞላል። ችግሩ ልጁ ጭንቅላት ውስጥ የሚሆነው ነገር ነው። የ13 ዓመት ተማሪ ይህን ሲያነብ የሚመጣለት የስፖርት ክፍለ ጊዜና ኳስ ነው። ውሃ ለመቅዳት የሄደበት፣ ከብት ሲያግድ የዋለበት፣ ትምህርት ቤት ለመድረስ 40 ደቂቃ የረገጠው ዳገት አይቆጠርለትም። በሌላ በኩል ለ90 ደቂቃ ሜዳ ላይ ከነበረው ውስጥ ግማሹን ተራ ሲጠብቅ እንዳሳለፈው ረስቶ ሙሉውን ይጽፋል። አንዱ ስህተት ቁጥሩን ወደ ታች፣ ሌላው ወደ ላይ ይጎትተዋል፤ የቱ እንደሚበዛ ደግሞ ከከተማ ገጠር፣ ከወንድ ሴት ይለያያል። ስለዚህ ሁለቱ ተጣፍተው ይቀራሉ ብሎ ማሰብ አይቻልም።

በኢትዮጵያ ክፍተቱ ከዚህም ይሰፋል። በ2015 የተካሄደው አገር አቀፍ የስቴፕስ ጥናት (ተላላፊ ላልሆኑ በሽታዎች የሚያጋልጡ ነገሮችን የሚያጠናው) ስለ አካላዊ እንቅስቃሴ የጠየቀው ከ15 እስከ 69 ዓመት ያሉትን ነው፤ የአንደኛ ደረጃ ተማሪ የለበትም። አገሪቱ በ2018፣ 49 አገሮች በተሳተፉበት ዓለም አቀፍ የልጆች እንቅስቃሴ ሪፖርት ካርድ ውስጥ ገብታለች። ካርዱ እንደ ትምህርት ቤት ውጤት በፊደል ይሰጣል፤ 94 በመቶና ከዚያ በላይ ኤ ፕላስ፣ ከ20 በመቶ በታች ኤፍ፣ በቂ መረጃ ከሌለ "ያልተሟላ"። መታወቅ ያለበት ግን ካርዱ ራሱ ማንንም እንደማይለካ ነው። የተሠሩ ጥናቶችን ለቅሞ ይመዝናል። ጥናት በሌለበት ፊደል መስጠት ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ስለሆነ፣ "ያልተሟላ" የሚለውን ማየት ደካማ መረጃ ላይ ከተንጠለጠለ ሲ ይሻላል። ያንን ባዶ ቦታ የሚሞላው እንዲህ ያለ መሣሪያ የያዘ ናሙና ነው።

ደንቡ ሲቀየር ቁጥሩ ይገለበጣል

መሣሪያ ከማዘዝ በፊት አንድ ዓረፍተ ነገር በፕሮቶኮሉ፣ ማለትም በጥናቱ ዕቅድ፣ ላይ ይጻፍ፦ "ደርሷል" የሚባለው ልጅ ማን ነው? የዓለም ጤና ድርጅት በ2010 ያወጣው መመሪያ ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች በየቀኑ ቢያንስ 60 ደቂቃ መካከለኛና ከባድ እንቅስቃሴ ያድርጉ ይል ነበር። የ2020ው ግን በሳምንቱ ውስጥ በአማካይ በቀን 60 ደቂቃ ይላል። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። ስፖርት ኢንግላንድ የተባለው የእንግሊዝ ተቋም በ2018 ያወጣውን የመጀመሪያውን የልጆች ጥናት ማየት ይበቃል፦ በየቀኑ 60 ደቂቃ ያደረጉት 17.5 በመቶ ነበሩ። በየቀኑ ባይሆንም በአማካይ 60 ደቂቃ የደረሱት ሌላ 25.7 በመቶ። ያው ልጅ፣ ያው ሳምንት፣ ያው መልስ ሆኖ በአሮጌው ደንብ 17.5፣ በአዲሱ 43 በመቶ ገደማ ማለት ነው። ይህን ሳይጽፍ "ከዚህ አገር በልጠናል" የሚል ሪፖርት ዋጋ የለውም።

ከሳጥኑ እስከ ልጁ ወገብ

ዝግጅቱ ቀላል ነው። መሣሪያዋ በዩኤስቢ ገመድ ቻርጅ ትደረጋለች፤ ሙሉ ከሞላች ለ7 ቀን ልኬት ከበቂ በላይ ነው፣ አምራቹ እስከ 25 ቀን ይላል። መብራት በሚቆራረጥበት ወረዳ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ቡድኑ ከተማ ላይ ሞልቶ ይወጣል፣ መስክ ላይ ሶኬት አይለምንም። ቀጥሎ አክቲላይፍ በተባለው ሶፍትዌር የሚጀምርበት ቀንና ሰዓት፣ የልጁ መለያ ቁጥርና በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደምትለካ ይሞላላታል።

ከ30 እስከ 100 ኸርዝ መምረጥ ይቻላል። 30 ይበቃል። ከፍ ማድረግ የፈለገ 60 ወይም 90 ይበል፤ የ30 ብዜት ያልሆኑት፣ ለምሳሌ 40ና 100፣ ሶፍትዌሩ ጥሬውን ልኬት ወደ "ካውንት" (የእንቅስቃሴን መጠን ወደሚያሳይ ቁጥር) ሲቀይር በተለይ ሩጫ ላይ ቁጥሩን ያንሩታል። ምክንያቱ የማጣሪያው ስሌት መሠረቱ 30 ኸርዝ መሆኑ ነው። ሌላው መዘዝ የፋይል መጠን ነው፦ 7 ቀን 604,800 ሰከንድ ነው፤ በ30 ኸርዝ ለአንድ ልጅ ከ18 ሚሊዮን መስመር በላይ ይሆናል። ይህን ወደ ሲኤስቪ አውጥቶ በኤክሴል ለመክፈት የሚሞክር ላፕቶፑን ይሰናበት። ፋይሉ በራሱ ቅርጽ ይቀመጥ፣ ቅጂውም በዚያው ቀን ሌላ ዲስክ ላይ ይግባ።

አሁን ወደ ቀበቶው እንምጣ፤ የዚህ ዕቃ ደካማ ጎን እዚህ ነው። ትክክለኛው ቦታ ከቀኝ ብብት ቀጥታ ወደ ታች ሲወረድ የዳሌው አጥንት ጫፍ ላይ ነው። ወደ እምብርት ከተጎተተ ልጁ ሲቀመጥ ሆዱ ይገፋትና ትጋደማለች። መጋደሟ ለምን ይጎዳል ቢባል፣ ለልጆች በብዛት የሚሠራበት ገደብ (ስንት ካውንት ቀላል፣ ስንት ከባድ እንደሚባል የሚወስነው) የተሰላው ከላይ ወደ ታች በሚለካው አንድ አቅጣጫ ብቻ ነው። በጎኗ ከተኛች ያ አቅጣጫ አግድም ይሆናል፣ የሮጠው ልጅም የተራመደ ይመስላል። ላስቲኩ ጥብቀቱ አንድ ጣት አስገብቶ ሁለት ጣት የሚከለክል ይሁን። ከልብስ ሥር፣ ከካናቴራው በላይ ቢታሰር ይመረጣል፤ ከዩኒፎርሙ በላይ ከሆነ የመጀመሪያው ቀን የክፍሉ መነጋገሪያ ትሆናለች፣ በሁለተኛው ቀን ጓደኛ ይሞክራታል። ቀሚስ ለሚለብሱ ሴቶች ልጆች ግን መጸዳጃ ቤት ሲገቡ እንዳያስቸግራቸው አብሮ መሞከር ያስፈልጋል፤ ያስቸገራት ልጅ አውልቃ አትመልሳትም።

ለልጁ የሚሰጠው ማብራሪያ አጭር ይሁን። "ጠዋት ልብስሽን ስትለብሺ ታጠቂያት፣ ማታ ልትተኚ ስትይ አውልቂያት፣ ስትታጠቢም እንዲሁ። ካወለቅሽ በኋላ ጫማሽ ውስጥ አድርጊያት።" ጫማው ዋናው ብልሃት ነው፤ ቦርሳ ውስጥ የገባች መሣሪያ ቦርሳ ውስጥ ትውላለች፣ ጫማ ውስጥ ያደረችውን ግን ሳያዩ መውጣት አይቻልም። ከወላጅ የሚመጣው ጥያቄ ደግሞ ሁልጊዜ ያው ነው፦ "ልጄ ላይ ምን አሰራችሁባት? ይቀዳል ወይ?" መልሱ ተዘጋጅቶ ይጠብቅ፦ "አይ እማማ፣ ድምፅ አይቀዳም፣ ፎቶ አያነሳም፣ የት እንደዋለች አያውቅም፤ ሰውነቷ መንቀሳቀሱን ብቻ ነው የሚቆጥረው።" ሦስቱም እውነት ናቸው፤ መሣሪያዋ ማይክሮፎን፣ ካሜራም ሆነ ጂፒኤስ የላትም። ይህ በስምምነት ቅጹ ላይም በዚሁ ቀላል አማርኛ፣ አካባቢው ሌላ ቋንቋ የሚናገር ከሆነም በዚያው ቋንቋ ይስፈር።

ሰዓትና ዓመተ ምሕረት

የውጭ መመሪያዎች የማይጽፉት፣ እኛ አገር ግን ዳታ የሚገድለው ነገር ይህ ነው። መሣሪያዋ ሰዓቷን የምትወስደው ከተሞላችበት ኮምፒውተር ነው። ላፕቶፑ የሰዓት ቀጠናው ሌላ አገር ላይ ከቆመ፣ የልጁ ጠዋት ሌሊት ላይ ይወድቃል። ይህን በአንድ እይታ ማረም ይቻላል። የሚከፋው ልጁ የሚሞላው የቀን መዝገብ ነው። "ማታ 2 ሰዓት አወለቅኩ" ብሎ የጻፈው 20፡00 ነው፤ ጸሐፊው 02፡00 ብሎ ካስገባው ልጁ ከእኩለ ሌሊት በኋላም ታጥቆ የነበረ ይመስላል፣ ቀኑም በ6 ሰዓት ይረዝማል። መፍትሔው ልጁንም ሆነ መረጃ ሰብሳቢውን ሰዓት እንዲቀይሩ አለመጠየቅ ነው። መዝገቡ ላይ ጠዋት፣ ከሰዓት፣ ማታ፣ ሌሊት የሚሉ ሳጥኖች ይቀመጡ፣ ሰዓቱ እንደተነገረ ይጻፍ፣ ለውጡ በአንድ ሰው፣ በአንድ ቀመር፣ መጨረሻ ላይ ይሠራ።

የትውልድ ዘመንም እንደዚያው። በ2007 ዓ.ም. የተወለደች ልጅ በ2018 ዓ.ም. 11 ዓመቷ ነው። ሶፍትዌሩ የሚጠብቀው የአውሮፓን ዘመን ስለሆነ 2007 ብሎ ያስገባ ሰው 18 ዓመት አደረጋት፤ ከ5 እስከ 17 ካለው ቡድን ሳይታወቅ ትወጣለች። ዕድሜ በሞላ ዓመት ተጠይቆ ከትውልድ ዘመኑ ጋር ይመሳከር።

15 ሰከንድ ወይስ 1 ደቂቃ

ጥሬው ልኬት ወደ ካውንት ተቀይሮ በአጭር በአጭር ጊዜ ይደመራል። ለአዋቂ 60 ሰከንድ የተለመደ ነው፤ ለልጅ ግን ስህተት ነው፣ በቁጥር እናሳይ። አንድ ልጅ ኳስ አባሮ ለ15 ሰከንድ ይሮጣል፣ 1,200 ካውንት። ከዚያ 45 ሰከንድ ይቆማል፣ በየ15 ሰከንዱ 20 ካውንት። ኤቨንሰን የተባሉ ተመራማሪ ለልጆች ባወጡት ገደብ በ15 ሰከንድ እስከ 25 ያለው መቀመጥ፣ ከ26 እስከ 573 ቀላል፣ ከ574 እስከ 1,002 መካከለኛ፣ ከ1,003 ጀምሮ ከባድ ነው። ስለዚህ በ15 ሰከንድ ስሌት 15 ሰከንድ ከባድ እንቅስቃሴ ይመዘገብለታል። በ60 ሰከንድ ስሌት ግን ድምሩ 1,260 ነው፤ የመካከለኛው መነሻ 2,296 በመሆኑ ደቂቃዋ በሙሉ "ቀላል" ተብላ ታልፋለች፣ ሩጫው ጠፋ። ሱዚ የሚዘሉ፣ ሰኞ ማክሰኞ የሚጫወቱ፣ ሌባና ፖሊስ የሚሯሯጡ ልጆች ቀናቸው በሙሉ እንዲህ ባሉ ቁርጥራጮች የተሠራ ነው። 15 ሰከንድ ወይም ከዚያ ያጠረ ይምረጡ፤ ጥሬው ፋይል ካለ በኋላ ማርዘም ይቻላል፣ በ60 ሰከንድ ብቻ የተቀመጠን ማሳጠር ግን አይቻልም።

ገደቡ ራሱም ዳኛ ነው። በደቂቃ 2,600 ካውንት ያስመዘገበ ልጅ በኤቨንሰን መካከለኛ ነው፤ መነሻውን 3,200 ባደረገው የፑያው ገደብ ግን ቀላል ነው። የትኛውን ገደብ እንደሚጠቀም ዳታው ከመሰብሰቡ በፊት ያልጻፈ ተመራማሪ፣ በኋላ ደስ የሚለውን ቁጥር ይመርጣል የሚል ጥርጣሬ ይከተለዋል። በ2011 የወጣ የገደቦች ንጽጽር ከ5 እስከ 15 ዓመት ላሉ ልጆች ኤቨንሰንን መርጧል፤ ሌላ በቂ ምክንያት ከሌለ እሱን መያዝ ይሻላል።

"አልታጠቀም" የሚለውም ደንብ ይፈልጋል። ለረጅም ጊዜ ዜሮ ሲነበብ መሣሪያዋ ጫማ ውስጥ ናት ተብሎ ይገመታል። ስንት ደቂቃ ዜሮ? ከ20፣ ከ60 እና ከ90 አንዱን መምረጥ ያስፈልጋል። ለ20 ማድላት የእኛን ክፍሎች ላላየ ሰው ነው። አንድ ወንበር ላይ ተጣበው የተቀመጡ ተማሪዎች ፈተና ላይ 20 ደቂቃ ሳይነቃነቁ ይቆያሉ፤ ያ ሁሉ "አልታጠቀም" ተብሎ ሲቆረጥ የመቀመጥ ጊዜው ይቀንሳል፣ ከ10 ሰዓት በታች የወረዱ ቀናትም ይጣላሉ። 60 ይሁን።

የሚቆጠር ቀን ቢያንስ 10 ሰዓት የታጠቀበት፣ የሚቆጠር ልጅ ቢያንስ 4 ቀን፣ ከነዚያም አንዱ ቅዳሜ ወይም እሑድ የሆነለት ነው። የእረፍት ቀኑ ለምን? በሥራ ቀን በአማካይ 50 ደቂቃ፣ ቅዳሜና እሑድ ከከብት ጋር ውሎ 95 ደቂቃ ያለው የገጠር ልጅ እንውሰድ። 5 ጊዜ 50 እና 2 ጊዜ 95 ተደምሮ ለ7 ሲካፈል 62.9 ይሆናል፤ ደርሷል። የሥራ ቀን ብቻ ቢያዝ 50 ነው፤ አልደረሰም። ከተማ ላይ ደግሞ በተቃራኒው ሊሆን ይችላል። በፈረቃ የሚማሩ ልጆች ካሉም የጠዋትና የከሰዓት ፈረቃ ለየብቻ ይመዝገብ፤ ግማሽ ቀናቸው የተለያየ ነው።

ዳሌ የማያየው ጉልበት

መሣሪያዋ የምትለካው የሰውነትን መነቃነቅ ነው፤ ሸክምን አታውቅም። 20 ሊትር ጄሪካን አዝላ ዳገት የምትወጣ ልጅ 20 ኪሎ ተሸክማለች፣ ልቧ ይመታል፣ ላቧ ይወርዳል፤ ግን እርምጃዋ ዝግ ያለ ስለሆነ ካውንቷ ቀላል እንቅስቃሴ ላይ ይቆማል። ባዶ እጇን ሜዳ ላይ የምትሮጥ የእኩያዋ ቁጥር ሦስት እጥፍ ቢበልጥ አይገርምም። ብስክሌትም እንደዚያው ነው፣ ዳሌ ኮርቻ ላይ ተቀምጧል። ዋና ላይ ደግሞ ጭራሽ ትወልቃለች። እስክስታ ወራጁ ትከሻውን ሲያርገፈግፍ ቢያድር የዳሌዋ መሣሪያ እምብዛም አትሰማም፤ ጉራጊኛ ላይ ግን ታብዳለች። ይህን በሪፖርቱ ግርጌ ጽፎ ማለፍ አይበቃም፣ ምክንያቱም ስህተቱ እኩል አይከፋፈልም፤ ውሃና እንጨት የሚሸከሙት በብዛት ሴቶች ልጆች ናቸው። ከቀበቶው ጋር የሚሄደው መዝገብ ላይ ሁለት ጥያቄ ይጨመር፦ ዛሬ ተሸክመሃል ወይ፣ ምን ያህል ጊዜ ፈጀ?

ስንት መሣሪያ፣ ስንት ሳምንት

ለአንድ አገር አቀፍ ቁጥር፣ በ5 በመቶ ስህተት፣ መነሻው 384 ልጅ ነው። ልጆቹ የሚመረጡት በትምህርት ቤት ተቧድነው፣ ማለትም መጀመሪያ ትምህርት ቤት ከዚያም ክፍል እየተባለ ስለሆነ፣ ተመሳሳይነታቸውን ለማካካስ በ2 ይባዛ፣ 768። ከአራቱ አንዱ በቂ ቀን አይታጠቅም ብለን ስናስብ 1,024 ልጅ ማስታጠቅ አለብን። ይህ ወንድና ሴትን፣ ከተማና ገጠርን ለየብቻ በዚያው ትክክለኛነት አይሰጥም፤ ያንን የፈለገ በቡድኑ ብዛት ያባዛ።

አንድ ዙር 2 ሳምንት ይወስዳል፦ ማስታጠቅ፣ 7 ቀን፣ መሰብሰብ፣ ዳታ ማውረድ፣ ቻርጅ፣ ወደ ቀጣዩ ትምህርት ቤት መጓዝ። 100 መሣሪያ ያለው ቡድን በየዙሩ 85 ያህሉ ዝግጁ ነው ብሎ ቢያስል 12 ዙር ከምናምን ይመጣል፤ 25 ሳምንት ገደማ። በ30 መሣሪያ ይህ ሥራ የትምህርት ዘመኑን አልፎ ይፈሳል። ዙሮቹም ወቅት ይቀላቅላሉ፦ ጥቅምትና ኅዳር ገጠር አጨዳ ነው፣ ሁዳዴና ረመዳን የምግብና የእንቅልፍ ሰዓትን ይለውጣሉ፣ ሰኔ ፈተና ነው። አንዱን ክልል በሙሉ በኅዳር፣ ሌላውን በሙሉ በጾም የለካ ሰው ክልሎቹን ሳይሆን ወቅቶቹን አነጻጸረ። ቡድኖቹ በየዙሩ ክልል ይቀያይሩ። ከትምህርት ገበታ ውጭ ያሉ ልጆች ደግሞ በዚህ ናሙና ጨርሶ የሉም፤ በቤተሰብ ምዝገባ ለየብቻ ካልተፈለጉ ቁጥሩ "የተማሪዎች" እንጂ "የልጆች" አይባልም።

የአሜሪካው ብሔራዊ የጤና ጥናት የዚህን ዓይነት ሥራ ጥቅምም ወጥመድም ያሳያል። በ2003 እና 2004 በዳሌ ላይ በታሰረ አክቲግራፍ ተለክቶ፣ ከ6 እስከ 11 ዓመት ካሉት 42 በመቶው፣ ከጎረምሶቹ ግን 8 በመቶው ብቻ 60 ደቂቃ ሲደርሱ ታየ። ያንን ገደል መጠይቅ ብቻውን እንዲህ ቁልጭ አድርጎ አያሳይም። ከ2011 ጀምሮ ግን መሣሪያው ወደ እጅ አንጓ ዞረ፣ ቀንና ሌሊት መታሰር ጀመረ። የታጠቁት ሰዓት ጨመረ፤ የቁጥሩ መለኪያ ግን ስለተቀየረ አሮጌውና አዲሱ ጎን ለጎን ተቀምጠው "ጨመረ፣ ቀነሰ" አይባልባቸውም። ዳሌ ብሎ የጀመረ በሚቀጥለው ዙርም ዳሌ ይበል።

ሌሎቹስ?

አክሲቪቲ ኤኤክስ3 የተባለችው የእንግሊዝ መሣሪያ 11 ግራም ናት፣ ሶፍትዌሯ ነፃ ነው፤ በዩኬ ባዮባንክ፣ ትልቅ የብሪታንያ የጤና ጥናት፣ ከ100,000 በላይ አዋቂዎች በእጅ አንጓቸው ላይ አስረዋታል። የሶፍትዌር ፈቃድ መግዛት የማይችል ቡድን እሷን ቢያይ አይቆጭም። ችግሩ የልጆች የካውንት ገደቦች በቀጥታ ለእሷ አይሠሩም፤ ጥሬ ልኬት ላይ የተመሠረተ ሌላ ገደብ መያዝ አለበት። የአክቲግራፍ ትልቁ ቅሬታም እዚሁ ነው፦ አክቲላይፍ የሚከፈልበት ነው፣ በዊንዶውስ ብቻ ይሠራል። ነገር ግን ኩባንያው በ2022 የካውንት ስሌቱን በይፋ ስለለቀቀ፣ መሣሪያውን ለመሙላትና ዳታ ለማውረድ አንድ ፈቃድ ይዞ ትንተናውን ጂጂአይአር በተባለው፣ አር በሚባለው የስታቲስቲክስ ፕሮግራም ውስጥ በሚሠራው ነፃ ፓኬጅ መሥራት ይቻላል። አምስት ፈቃድ ከመግዛት ገንዘቡን ቀበቶ ላይ ማዋል ይሻላል።

የእርምጃ ቆጣሪ ርካሽ ነው፤ ካናዳ ከ2005 ጀምሮ በፖስታ እየላከች አገር አቀፍ ጥናት ሠርታበታለች፣ ለልጆች ወደ 12,000 እርምጃ ከ60 ደቂቃ ጋር ይቀራረባል። ግን ስክሪን ያለው ቆጣሪ ለልጅ መጫወቻ ነው፤ እያየ ይዘላል። ስልክን እንተወው።

ለግዢ የወሰነ፦ ለ100 መሣሪያ 130 ቀበቶ፣ በሦስት መጠን፤ የአንደኛ ክፍል ልጅና የ12ኛ ክፍል ወጣት አንድ ቀበቶ አይበቃቸውም። ላስቲኩ በየዙሩ ታጥቦ ስለሚላላ ትርፉ ያስፈልጋል፤ አገር ውስጥ ካለ ልብስ ሰፊ ማሰፋት ይቻላል፣ ስፋቱ መሣሪያዋ ጀርባ ካለው ማስገቢያ ጋር እኩል ይሁን፤ ከጠበበ ትጋደማለች። 10 ገመድ፣ ብዙ ወደብ ያለው ቻርጀር፣ በየመሣሪያው ላይ በማይለቅ ቀለም የተጻፈ ቁጥር፣ በየትምህርት ቤቱ ፊርማ ያለበት የርክክብ መዝገብ። መሣሪያዎቹ ብሉቱዝና የሊቲየም ባትሪ ስላላቸው የግዢ ሰነድና የጥናቱ የድጋፍ ደብዳቤ ዕቃው ሳይመጣ ይዘጋጅ፤ ጉምሩክ ላይ የሚያልፍ እያንዳንዱ ሁለት ሳምንት ከዙሮቹ አንዱን ይበላል።